የሉባባ ሻርፕና የጨፋ ቁራዎች

ስለ ቁራ ልጽፍ ነው። መሳቅ የፈለገ አሁኑኑ ይሳቅ፤ ኋላ ላይ ሳቁ አይመጣለትም። ባለፈው ክረምት ከደሴ ወደ ከሚሴ ስወርድ ሚኒባሱ ጨፋ ላይ ጎማው ፈነዳና ሁላችንም ወረድን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አንዱ ከመንገዱ ዳር የበግ ፈርስና አንጀት ደፍቶ ሄዷል፤ ውሃ ሲነካው ያ ሽታ ተነሣ። ከወደ ማሳው ደግሞ ቁራዎች ይጮሃሉ። ስልሳ ዓመት የተጠጋኝ ሴት ነኝ፤ ትናንት የበላሁትን እረሳለሁ። አፍንጫዬን በነጠላዬ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ረዳቱ "ማዘር፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። "አላመመኝም፤ አንተ ጎማህን ቀይር" አልኩት። ጎማው ተቀየረ፣ ተሳፈርን፣ ከሚሴ ገባን፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከዚያች ማሳ አልወጣሁም ብል ይሻላል።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። በደርግ ጊዜ ነው፤ ከክፉው ቀን፣ ከረሃቡ በኋላ ዝናብ የተመለሰበት ክረምት። ከሚሴ ያኔ እንደ ዛሬው ባጃጅ የሚተራመስባት ከተማ አልነበረችም። አንድ አስፋልት፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ቆርቆሮና ሣር ክዳን የተቀላቀለበት ቤት፣ ወደ አሰብ የሚወርዱ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪኖች ተደርድረው የሚያድሩበት ሜዳ፤ በቃ። ከሻይ ቤቱ ያለው ቴፕ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ድምፁን ይጎትታል፤ እኛም አብረን እየጎተትን እንዘፍን ነበር። አንድ ኩባያ እርጎ ስሙኒ ነው። ስኳር በኩፖን፣ ሳሙና በኩፖን። ቴትሮን ቀሚስ ያላት ልጅ እንደ ሙሽራ ትታያለች። እኔ አንድ ነበረኝ፣ ሰማያዊ፣ ወገቡ ላይ የሚታሰር፤ ከኮንጎ ጫማዬ ጋር ለብሼ አስፋልቱን ስሻገር ሾፌሮቹ ጥሩምባ ይነፉልኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪክ ወድቄ፣ ቤት ተቀምጫለሁ። እግሬ አርፎ አይቀመጥም፤ አፌም እንደ እግሬ ነው። እናቴ "ይቺ ልጅ ሆዷ ውስጥ የሚያድር ነገር የላትም" ትል ነበር። ልክ ነበረች። አንድ ነገር ብቻ አሳደርኩ፤ እሱኑ ነው የምጽፈው።

ከጓሯችን ባለችው አንዲት ክፍል እትዬ ሉባባ ትኖር ነበር። ከደጋው በኩል በክፉው ቀን የወረደች፣ ከድጃ የምትባል ገና የምትድህ ልጅ ያላት፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት። ከጨፋ ከብት አርቢዎች ወተት እየተቀበለች፣ በወይራ ባጠነችው ቅል አርግታ ለሾፌሮች ትሸጣለች። የእሷን እርጎ የቀመሰ ሾፌር ከሌላ አይገዛም። ጥርት ያለች ነበረች። የነበራት ጌጥ አንድ ነገር ነው፤ ባቲ ገበያ ላይ በቅቤ የለወጠችው፣ በጅቡቲ በኩል የገባ ሻርፕ። ቢጫ። ከሩቅ እንደ አደይ አበባ የሚታይ ቢጫ። ትከሻዋን ከሸፈነ በኋላ ጫፉ ይተርፋል።

አንድ ከሰዓት ቅሏን እየናጠች ነገረችኝ። እኔ ጠይቄያት ነው። "ሌላ ልጅ አልነበረሽም?" ብዬ፤ እንዲህ ነው የምጠይቀው። ነበራት። አሊ ይባላል። ከደጋው ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞተባት። ከድጃ ጀርባዋ ላይ ናት፣ ሌላ ሰው የለም፣ መቆፈሪያ የለም፣ ቢኖርም ጉልበት የላትም። "ድንጋይ ካብኩበት" አለች። "ካብኩ፣ ካብኩ። አውሬና አሞራ እንዳይነካው ከላይ እሾህ አደረግሁበት። ከዚያ ሄድኩ።" ቅሉን መናጥ አላቋረጠችም። "በቅቶት እንደሆነ አላውቅም፣ ዘይኔ። ድንጋዩ።" ለማንም አትንገሪ አላለችኝም። የሚነገር ነገር አልመሰላትም መሰለኝ። እኔ የዚያኑ ዕለት እራት ላይ ለእናቴ ነገርኳት። ለክፋት አልነበረም፤ እናቴም "ሱብሃነላህ፣ ምስኪን" ብላ እንባዋን ጠረገች።

ቁራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ገበሬው በስንት ልመና ያገኘውን የበቆሎ ዘር ጨፋ ላይ ዘርቷል፤ ቡቃያው ብቅ ሲል ቁራ በመንጋ እየወረደ ከነሥሩ ይነቅለዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ጠራና ቤት የተቀመጥን ወጣቶች ለሰብል ጥበቃ ዘመቻ እንደምንወጣ አነበበልን። በደንብ የሠራ ለሥራ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍለታል ተባለ። ሌሎቹ ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ወጡ። እኔን ግን ስፌት ስለምችል ከአያ ኢብሬ ጋር መደቡኝ።

አያ ኢብሬ ጉልበቱ የማይታዘዝ፣ ጥርሱ በጫት የወየበ፣ አማርኛና ኦሮምኛውን በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ሽማግሌ ነው። ቁራ ማጥመድ ከአባቱ የወረሰው ነው። መጀመሪያ ያደረግነው ሐሰተኛ ቁራ መሥራት ነበር። የአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ እቀድና እሰፋለሁ፣ ውስጡን ጭድ እጠቀጥቃለሁ፣ ከቀንድ ስባሪ መንቆር አወጣለታለሁ። የመጀመሪያውን አንገቱን ቀና አድርጌ ኩራት ያለው ቁራ ሠራሁና አሳየሁት።

"ይሄን ማን ይጠጋዋል፣ ኢንተላ?" አለኝ። ልጅት ማለቱ ነው። "ቀና ያለ ቁራ አደጋ ያየ ቁራ ነው። ጎንበስ አድርጊው። ጎንበስ ያለው እየበላ ነው፤ ያኔ ሆዳም ጓደኞቹ ይመጣሉ።"

"ሰውም እንደዚያው ነው፣ አያ ኢብሬ።"

"የቀበሌውን ስብሰባ ማለትሽ ነው?" አለና ግራ ቀኙን አይቶ ሳቀ። ያኔ እንዲህ ያለ ቀልድ ግራ ቀኝ ታይቶ ነበር የሚሳቀው።

ጎንበስ ያሉትን በታረሰው ማሳ ላይ በእንጨት ተከልናቸው። በመካከላቸው የበግ ፈርስና አንጀት እናፈሳለን፤ ዙሪያውን ከፈረስ ጭራ የተገመደ ወጥመድ። የመጀመሪያው ቁራ ሲያዝ አይገደልም። እግሩን አስረን እዚያው እንተወዋለን፤ ይጮሃል፣ ጩኸቱን የሰሙት ሊያግዙት ይመጣሉ፣ እነሱም ይያዛሉ። አያ ኢብሬ ማሳው ዳር ከተደበቅንበት ዳስ አይወጣም፤ ጉልበቱ አይፈቅድለትም። ዱላውን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ። ሼሁ ሰብል የሚያጠፋ ነውና ቢገደል ኃጢአት የለበትም ብለውናል፤ እኔ ደግሞ ባይሉም እወጣ ነበር። ደብዳቤውን እፈልገዋለሁ፤ ከእናቴ ጓዳ ከመውጣት በቀር ምንም ነገር አይታየኝም ነበር።

ሽታው ግን ሊገድለኝ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ አስመልሶኝ ገረጣሁ፤ ቤት ስገባ እትዬ ሉባባ አየችኝ። ገብታ ቢጫውን ሻርፕ አመጣች።

"አፍንጫሽን በዚህ እሰሪ። የእኔ ጨርቅ ወተት ወተት ይሸታል፤ እሱ ይሻልሻል።"

"ይበላሻል፣ እትዬ ሉባባ።"

"ጨርቅ አይደል? ይታጠባል።"

ሙሉውን ክረምት ለበስኩት። ፀጉሬን ሸፍኜ፣ አፍንጫዬንና አፌን ጠቅልዬ፣ ዓይኔ ብቻ ቀርቶ። ያንን ስለብስ አያ ኢብሬ ፊቱ ጠቆረ። እሱ ዳስ ውስጥ ሆኖ እንኳ አንድ ቀን ጆንያ፣ አንድ ቀን ጋቢውን ገልብጦ ነው የሚለብሰው።

"ይሄን አውልቂ። ዛሬ ሌላ፣ ነገ ሌላ ልበሺ። ቁራ ፊት ይይዛል፤ ፊት ካጣ ልብስ ይይዛል። አባቴ በአንድ ቡሉኮ ሁለት ቀን አይወጣም ነበር።"

"አያ ኢብሬ፣ እኔ ባዮሎጂ ተምሬያለሁ።"

"ባዮሎጂው ቁራውንም አስተምሮታል?"

ሳቅሁበት። ባዮሎጂዬ ማትሪክ ላይ የጣለኝ ትምህርት እንደነበረ አልነገርኩትም። ሌላ ልብስም አልነበረኝም፤ ቴትሮኔን ፈርስ ላስነካው ነው? ዘመቻው ሲያልቅ ቁራዎቹ ገና ከዳሱ ስወጣ ከሩቅ ያዩኝና ወደ ላይ ተነሥተው ራሴ ላይ እየዞሩ ይጮሁ ነበር። የፈሩኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሻርፑን በእንዶድ አጥቤ መለስኩ። በአረፋ በዓል እትዬ ሉባባ ለበሰችው። ጠዋት ሁላችንም ወደ ሶላት ሜዳው ስንሄድ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ወንዶቹ ተክቢራ እያሉ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። እሷ ከድጃን አዝላ ከእናቴ ጎን ትሄዳለች። መጀመሪያ ሁለት ቁራ መጣ። ከዚያ ዛፉ ላይ ያሉት። ከዚያ ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ ከላይዋ ጥቁር ሆነ። እየጮሁ ዝቅ ይላሉ፣ ክንፋቸው ራሷን እየነካ ያልፋል። አንደኛው ሻርፑን በጥፍሩ ሳበው። ልጆቹ ሳቁ። ሴቶቹም መጀመሪያ ሳቁ። እሷ ከድጃን ወደ ፊት አዙራ በደረቷ ሸሸገቻትና እዚያው መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። ከመቶው ሴት ሌላ አንዷንም አልነኩም። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

ያኔውኑ አወቅሁ። የአያ ኢብሬ ቃል ነው። እኔን ነው የፈለጉት። ሦስት እርምጃ ሄጄ "ሻርፑን አውልቂው፣ እኔ የለበስኩት ነው" ማለት ነበረብኝ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በማያገባኝ ሁሉ ስገባ የኖርኩት ሴትዮ፣ አንደበቴ ተያዘ።

ከኋላዬ እናቴ ከጎረቤታችን ጋር ስታንሾካሹክ ሰማኋት። "ልጇን መንገድ ላይ ጥላው ነው የመጣችው" አለች እናቴ። "ድንጋይ ካብኩበት ትላለች።"

"እነሱ ናቸዋ የሚያውቁት" አለች ጎረቤታችን። "ቁራ የበላበትን አይረሳም።"

እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ አላህ ይማራት። የፈራች ሴት ነበረች። በዚያ ክፉ ቀን ያላየ ዓይን የለም፤ ሁሉም ሰው አንድ የተወው ነገር ነበረው። አንዲት ሴት ላይ ቁራ ሲወርድ ሌላው "እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም" ብሎ ይተነፍሳል። ያቺ ቃል የበዓሉ ሥጋ ተበልቶ ሳያልቅ ከሚሴን አዳረሰቻት። ቃሏ ደግሞ ከእኔ አፍ ነው የወጣችው። አለመናገር የነበረብኝን እራት ላይ ተናግሬ፣ መናገር የነበረብኝን ሜዳ ላይ ዋጥኩ።

በሳምንቱ ቁራዎቹ ገበያ ላይ እንደገና ወረዱባት። ከዚያ መኪኖቹ ጋ። ሻርፑን ብትተወውም ለውጥ አልነበረም፤ እስከዚያ ፊቷን ለይተውታል። ሾፌሮቹ እርጎዋን ተዉ። አንዱ፣ በፊት ሁለት ሁለት ኩባያ የሚጠጣው፣ "እህቴ፣ እኔ ረጅም መንገድ ነው የምሄደው፤ አትቀየሚኝ" ብሎ ራቅ ካለችው ነጋዴ ሲገዛ በዓይኔ አይቻለሁ። ወተቱ እየተረፈባት ይበላሻል፤ ለጓሮ ጎመን ትደፋዋለች።

ለምን አልተናገርሽም በሉኝ። ራሴን ጠይቄያለሁ፤ ሰበብ ደርድሬያለሁ። ማን ያምነኛል ብያለሁ። ይረሳል ብያለሁ። እውነቱ ይሄ ነው፤ ከተናገርኩ ጣቱ ወደ እኔ ይዞራል፣ ቁራ የሚያሳድዳት ሴት እኔ እሆናለሁ፣ ሊቀመንበሩ የድጋፉን ደብዳቤ ገና አልፈረመም። አለቀ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

አያ ኢብሬ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመኝ። "ያቺ የወተቷ ሴት የለበሰችው የአንቺ ጨርቅ አይደለም?" አለ።

"የራሷ ነው" አልኩት። ሐሰት አይደለም፤ የራሷ ነበር። እሱም "ማሎ፣ ኢንተላ" ብሎ ጉልበቱን እየጎተተ ሄደ። እባክሽ ማለቱ ነው። ጨፋ ወዳለው ቤቱ ነው የገባው፤ ከዚያ ክረምት በኋላ ወደ ከተማ ሲወጣ አላየሁትም።

በመጨረሻ እናቴ ክፍሉን እንድትለቅ ነገረቻት። "እኔ ምንም አላምንም፣ ግን ልጆች አሉኝ" ነው ያለቻት። እትዬ ሉባባ አልተከራከረችም። ዕቃዋን ስትሸክፍ በሩ ላይ ቆሜ አያታለሁ፤ ዕቃ ማለት ሦስት ቅል፣ አንድ ሰሌን፣ አንድ ድስት ነው። ከድጃ ቅሉን እየደበደበች ትጫወታለች።

"ዘይኔ" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። "አንቺ ተምረሻል። መጽሐፉ ላይ አለ? ቁራ ምን አይቶብኝ ነው?"

ሁለታችን ብቻ ነበርን። ማንም አይሰማም። መንገዱ ሁሉ ተከፍቶልኝ ነበር።

"አላውቅም፣ እትዬ ሉባባ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ መልሱን እንዳገኘች ሰው። በማግስቱ ሽንኩርት በጫነ መኪና ላይ ወጥታ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ባቲ ሄደች። እኔ ደብዳቤዬን አገኘሁ። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ "ቆራጥ" የሚል ቃል ነበረበት። በእሱ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ገባሁ፣ በመጀመሪያው ደመወዜ ባለ ተረከዝ ጫማ ገዛሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። የጻፍኩትን ደብዳቤ ሁሉ ስሕተት እያረምኩ ነው ጡረታ የወጣሁት።

መንግሥት ከተለወጠ ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ወረድኩ። ባሌን ቅቤ ልገዛ ነው አልኩት። አፋሮቹ ግመላቸውን፣ ደጋዎቹ እህላቸውን ይዘው ከሚገናኙበት፣ ከላብና ከአቧራው መሃል ቅቤ ተራ ውስጥ አገኘኋት። ሸብታለች። አጠገቧ ዓይኗ ኩልል ያለ ኮረዳ ቅቤውን በኮባ ትጠቀልላለች፤ ከድጃ ናት። እትዬ ሉባባ እንዳየችኝ ተነሥታ አቀፈችኝ። "ዘይኔ ወፍረሻል፣ አልሐምዱሊላህ" አለች።

ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሻርፑን፣ ዱላውን፣ የአያ ኢብሬን ምክር፣ ደብዳቤውን፣ እራት ላይ ለእናቴ የነገርኩትንም ሳይቀር። አላለቀስኩም፤ ማልቀስ የሚገባኝ አልመሰለኝም። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ ፈገግ አለች፣ ለልጅ እንደሚሰጠው ፈገግታ።

"ድሮም አፍሽ እንጂ ልብሽ ደግ ነው" አለችኝ። "ልታጽናኚኝ ይሄን ሁሉ መንገድ መጣሽ።"

"ማጽናናት አይደለም። ወላሂ እውነቴን ነው።"

"አትማይ። ያኔ የማታውቂውን ዛሬ ከየት አመጣሽው? ያኔ ጠይቄሽ ነበርኮ። አንቺ ደግሞ ያወቅሽውን አትደብቂም፤ ማን ያጣዋል።" ቅቤውን ከፀሐይ አዞረች። "በየዓመቱ ከአረፋ በኋላ እዚያ፣ አሊ ጋ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ስሄድ ድንጋዩ እንዳለ ነበር፤ አንድም አልወደቀም። ደስ ሊለኝ ነበር። ከዚያ ግን አሰብኩት። ቁራዎቹ ካልነኩት ምን አውቀው ያሳድዱኛል? በማላየው በኩል ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ስለዚህ እጨምርበታለሁ።"

ከድጃ እናቷን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ዓይኔን ሰበርኩ።

በሚቀጥለው አረፋ አብሬያት ሄድኩ። ሌላ የማደርገው አጣሁ። ከመኪና ወርደን ሽቅብ ብዙ ተጓዝን። ካቡን ሳየው የሕፃን መቃብር አልመሰለኝም፤ የሰው ቁመት ደርሷል፣ ሰፍቷል፣ ዙሪያውን ሁሉ በጠጠር ተወትፏል። ጉንዳን የሚገባበት የለውም። እዚያው ቆመን ዱዓ አደረግን። ከዚያ ከታች ካለው ወንዝ ያመጣነውን ድንጋይ አወረድን፤ እሷ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ካቡን እየዳሰሰች ትዞር ጀመር።

"በዚህ በኩል ቀዳዳ ይታይሻል፣ ዘይኔ?"

ተንበርክኬ አየሁ። ጊዜ ወስጄ አየሁ።

"የለም፣ እትዬ ሉባባ። ምንም ቀዳዳ የለም። ያኔም አልነበረም።"

"ዓይንሽ ደክሟል" አለችና ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ። ድንጋዩን አቀበልኳት።